ቀኑ ሲያጥር፣ በባኽ ቤት

ባለፈው መስከረም መጀመሪያ፣ ዝናቡ ገና ጨርሶ ሳይወጣ፣ በቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ የኪቦርድ ትምህርት ነበር። አንዲት የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ከጀማሪዎች መጽሐፍ ላይ አንድ አጭር ዜማ እየደጋገመች ትለማመዳለች። እናንተም ብትሰሙት ታውቁታላችሁ፤ የስልክ መጥሪያ ሆኖ፣ በሕፃናት መጫወቻ ውስጥ ገብቶ ዓለምን የዞረ ዜማ ነው። በር ላይ ቆመው ሲያደምጡ የነበሩ አንድ አባት ወደ እኔ ጠጋ ብለው፣ «ደስ ይላል። የየትኛው መዝሙር ዜማ ነው?» አሉኝ።

«መዝሙር አይደለም፣ ጋሼ። ሚኑዌት ይባላል።»

«ምንድን ነው እሱ?»

«የድሮ የአውሮፓ ጭፈራ ነው።»

ልጅቷ ይህን ስትሰማ እጇን ከኪቦርዱ ላይ አነሣች። እሳቸው አልተቆጡም። «ታዲያ እዚህ ምን ይሠራል?» ብቻ ብለው መልሴን ጠበቁ። እኔ «ለጣት ማፍታቻ ነው» ብዬ አለፍኩ። መልሱ ውሸት ባይሆንም ሽሽት ነበር። ቤት ገብቼ ሳስበው አፈርኩ፤ ምክንያቱም ያ ዜማ በማን ቤት፣ በማን እጅ፣ ከየትኞቹ መዝሙሮች ጋር በአንድ ደብተር ላይ እንደ ተጻፈ አውቅ ነበር። ያን ቀን ለእሳቸው ያልነገርኳቸውን ነው ዛሬ ለእናንተ የምጽፈው። ዓመቶቹና ወሮቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ደብተሩ የአንዲት ሴት ነው። አና ማግዳሌና ትባላለች። በ1701 ከመለከት ነፊ አባት ተወለደች፤ ሃያ ዓመት ሲሆናት በጀርመን አገር፣ በኬተን ልዑል ቤተ መንግሥት ደመወዝ የሚከፈላት ድምፃዊት ነበረች። በዚያው ቤተ መንግሥት የሙዚቃ ኃላፊው ዮሃን ሰባስቲያን ባኽ ነበር። ባኽ በ1720 ልዑሉን ተከትሎ ከሄደበት ጉዞ ሲመለስ፣ ጤነኛ ሆና ትቷት የሄደ ሚስቱ ማሪያ ባርባራ ሞታ ተቀብራ ነበር። አራት ልጆች በእጁ ቀሩ። በዲሴምበር 1721 አና ማግዳሌናን አገባ። እርሱ ሠላሳ ስድስት ዓመቱ፣ እርሷ ሃያ ዓመቷ ነበር፤ በሠርጓ ማግስት የአራት ልጆች እናት ሆነች ማለት ነው።

በ1723 ቤተሰቡ ወደ ላይፕዚግ ተዛወረ። ባኽ በቅዱስ ቶማስ ትምህርት ቤት የመዝሙር መምህር፣ በከተማዋም ዋና ዋና አብያተ ክርስቲያናት የሙዚቃ ኃላፊ ሆነ። ለአና ማግዳሌና ግን ዝውውሩ የራሷን ሥራ አሳጣት። በላይፕዚግ አብያተ ክርስቲያናት ሴቶች በመዘምራን መካከል ቆመው አይዘምሩም ነበር፤ ከፍተኛውን ድምፅ የሚይዙት ወንዶች ልጆች ናቸው። ባሏ ሳምንት በሳምንት አዲስ ካንታታ ሲያቀርብ፣ በድምፅዋ እንጀራ የበላችው ሴት ከምእመናኑ ጋር ተቀምጣ ታዳምጣለች። አልፎ አልፎ ወደ ኬተን ተመልሳ ከባሏ ጋር ዘምራለች። ከዚያ ውጭ ድምፅዋ የሚሰማው ቤቷ ውስጥ ነበር።

በ1725 የተጀመረው ደብተር የዚህ ቤት ደብተር ነው። በሽፋኑ ላይ የስሟ መነሻ ፊደላትና ዓመቱ በወርቅ ቀለም ታትመውበታል። የመጀመሪያዎቹን ገጾች ባኽ ራሱ ጻፈባቸው፤ ሁለት ረጃጅምና ከባድ የኪቦርድ ሥራዎች ናቸው። ከዚያ በኋላ ደብተሩ የቤተሰቡ ሁሉ ሆነ። አብዛኛውን አና ማግዳሌና በገዛ እጇ ገለበጠች። ሚኑዌቶች አሉበት፤ ፖሎኔዝ የሚባሉ የፖላንድ ጭፈራ ዜማዎች አሉበት፤ ማርሾች አሉበት። ከማርሾቹና ከፖሎኔዞቹ መካከል የእንጀራ ልጇ የካርል ፊሊፕ ኢማኑኤል የልጅነት ድርሰቶች ይገኙባቸዋል። በእነዚህ መካከል ደግሞ የጉባኤ መዝሙሮች አሉ። ስለ መታገሥና በእግዚአብሔር ዝም ብሎ ስለ ማረፍ የሚናገረውን የጳውል ጌርሃርትን መዝሙር ባኽ ደጋግሞ አዚሞታል፤ ከአንድ በላይ ቅንብሩ እዚያው ደብተር ውስጥ ተጽፏል።

አንዱን ገጽ ሳልነግራችሁ ማለፍ አልችልም። ስለ ትንባሆ ፒፓ የተዘፈነ ዘፈን አለበት! ሰውየው ፒፓውን ለኩሶ ተቀምጦ ያስባል፤ ፒፓዬ ከሸክላ ተሠራ፣ እኔም ከአፈር ተሠራሁ፤ እርሱ ወድቆ ይሰበራል፣ እኔም ወደ አፈር እመለሳለሁ እያለ ስለ ሞቱ ያሰላስላል። በእኛ አብያተ ክርስቲያናት ይህ ዘፈን ከፒፓው የተነሣ ከደጃፍ እንደሚመለስ አውቃለሁ። በዚያ ቤት ግን ከጌርሃርት መዝሙር ጋር በአንድ ሽፋን ውስጥ አደረ።

የኪቦርድ ተማሪዋ ስትጫወተው የነበረው ሚኑዌትም የተገኘው ከዚህ ደብተር ነው። ለረጅም ዘመን የባኽ ድርሰት ነው ሲባል ኖሯል፤ ዛሬም ብዙ መጽሐፍ እንደዚያ ብሎ ያትመዋል። የደረሰው ግን ክርስቲያን ፔትሶልት የሚባል የድሬስደን ሰው ነው። ሥራው ምን እንደ ነበር ታውቃላችሁ? የቤተ ክርስቲያን ኦርጋን ተጫዋች። አና ማግዳሌና ወደደችውና የደራሲውን ስም ሳትጽፍ ወደ ደብተሯ ገለበጠችው። ከዚያ በኋላ የመጣው ስሕተት ሁሉ ከዚህ ነው።

አሁን ወቅቱን አስቡት። በእኛ አገር መስከረም ሲጠባ ሰማዩ ይከፈታል፣ አደይ ይፈነዳል፣ ሰው ከቤቱ ይወጣል። በጀርመን አገር ተቃራኒው ነው። በሴፕቴምበር መጨረሻ ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ መርገፍ ይጀምራል፣ ቀኑ በየዕለቱ ያጥራል፤ ዲሴምበር ሲደርስ በላይፕዚግ ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር አሥር ሰዓት ገደማ ነው። ጀርመን አገር የምትኖሩ አንባቢዎች የመጀመሪያውን ዓመት ታስታውሱት ይሆናል፤ ምሳ በልቶ ቀና ሲሉ መምሸቱን። ሰው ወደ ቤቱ ይሰበሰባል። በባኽ የሚመራው የተማሪዎች የሙዚቃ ማኅበር ራሱ በበጋ ረቡዕ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ በአትክልት ስፍራ ይጫወት የነበረው፣ ብርዱ ሲመጣ ዓርብ ማታ ከሁለት እስከ አራት ሰዓት ጺመርማን ወደሚባል ሰው ቡና ቤት ይገባ ነበር። ከእኛ ጫካ የተነሣው ቡና በዚያን ጊዜ ላይፕዚግን ይዟት ነበር፤ ባኽ ቡና መጠጣት አልተው ስላለች ልጅ አንድ ሙሉ አስቂኝ ካንታታ ጽፏል።

በዚሁ ወቅት ሌላም ነገር ይመጣል፤ መጽሐፍ። ሴፕቴምበር 29 ከሚውለው የቅዱስ ሚካኤል በዓል ቀጥሎ በላይፕዚግ ታላቅ ገበያ ይቆማል። ከተማዋ በዚያ ዘመን ከጀርመን የመጽሐፍ ንግድ ዋና ማእከሎች አንዷ ነበረች፤ አሳታሚው፣ ሻጩና ገዢው በዚያ ይገናኛሉ። ባኽም በዚያ ሻጭም ገዢም ነበር። ወደ መጽሐፎቹ እመለሳለሁ፤ አስቀድሜ ግን ወደ ቤቱ ላስገባችሁ።

ቤቱ በትምህርት ቤቱ ሕንፃ አንድ ክንፍ ውስጥ ነበር። ከግድግዳው ወዲያ የአዳሪ ተማሪዎች ጫጫታ አለ፤ ከግድግዳው ወዲህ የራሱ ልጆች፣ ዘመዶች፣ ደቀ መዛሙርት፣ ከሩቅ የመጡ እንግዶች አሉ። ልጁ ካርል ፊሊፕ ኢማኑኤል በኋላ ዘመን ስለ አባቱ ቤት ሲጽፍ በርግቦች ቤት መሰለው፤ ገቢና ወጪ የማይቋረጥበት፣ ሕይወት የሞላበት ቤት። «ጸጥ ያለ ክፍል ስለሌለኝ አላነብም» የምትሉ ካላችሁ ይህን ያዙልኝ።

ኦክቶበር 28 ቀን 1730 ባኽ በዚህ ቤት ተቀምጦ ለልጅነት ጓደኛው ለጌኦርግ ኤርድማን ደብዳቤ ጻፈ። ኤርድማን በዚያን ጊዜ በዳንዚግ የሩሲያ መንግሥት ተወካይ ነበር። ደብዳቤው በአብዛኛው ምሬት ነው። ላይፕዚግ ኑሮ ውድ ነው፤ አለቆቹ አስቸጋሪዎችና ለሙዚቃ ደንታ የሌላቸው ናቸው፤ ገቢው በዓመት ወደ 700 ታለር ቢሆንም ከፊሉ የሚገኘው ከቀብር አገልግሎት ስለሆነ፣ አየሩ ጤናማ ሲሆን ሟች ያንሳል፣ ገቢውም ይቀንሳል ይላል። (ታለር ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ አያቶቻችን የሚያውቁት የማርትሬዛ ጠገራ ብር የዚሁ የታለር ዘር ነው።) ጓደኛው በዳንዚግ ሥራ እንዲፈልግለት ይለምነዋል። ሰዎች ስለሞቱለት ሳይሆን ስላልሞቱለት የሚያጉረመርም የቤተ ክርስቲያን ሠራተኛ! ታላቁን ባኽ ከሐውልቱ የሚያወርደው እንዲህ ያለው ደብዳቤ ነው፤ እኔ ግን ከዚህ በኋላ ይበልጥ ወደድኩት።

በደብዳቤው መጨረሻ ላይ ድምፁ ይለወጣል። ስለ ልጆቹ መጻፍ ይጀምራል። ሁሉም ሙዚቀኞች ሆነው ተወልደዋል፤ በቤተሰቤ ብቻ የዜማና የመሣሪያ ኮንሰርት ማቋቋም እችላለሁ፤ በተለይ ሚስቴ ጥርት ያለ ሶፕራኖ ትዘምራለች፤ ትልቋ ሴት ልጄም የምትናቅ አይደለችም ይላል። ከከተማው ሹሞች ያላገኘውን ደስታ እዚያው በክፍሉ ውስጥ አግኝቶት ነበር።

ይህ ደስታ ርካሽ አልነበረም። ባኽ ከሁለቱ ሚስቶቹ ሃያ ልጆች ወልዶ ለአቅመ አዳም የደረሱት አሥሩ ናቸው። አና ማግዳሌና ከወለደቻቸው አሥራ ሦስት ልጆች ሰባቱን በልጅነታቸው ቀብራለች። ስለዚህ ደብተሩን ስታዩ የተዝናና ባለጸጋ ቤተሰብ የምሽት ጨዋታ አድርጋችሁ እንዳታስቡት። ስለ ትዕግሥት የሚናገረው መዝሙር ከሚኑዌቱ አጠገብ የተጻፈው እንዲህ ባለ ቤት ነው። ጭፈራ የተባለውም ዜማ በዚያ ቤት እንደ ነገሩ አልተጨፈረበትም፤ የልጆች ጣት የተገራበት፣ ብዕር ይዘው መድረስ የተማሩበት ነው።

ባኽ ራሱ መማር የጀመረው በተዘጋ ቁም ሣጥን ፊት ነበር። አሥር ዓመት ሳይሞላው እናቱን፣ ከዚያም አባቱን አጣ። ኦርድሩፍ በምትባል ትንሽ ከተማ ኦርጋን ተጫዋች የነበረው ታላቅ ወንድሙ ወስዶ አሳደገው። ወንድሙ የታላላቅ ደራስያን የኪቦርድ ሥራዎች የተገለበጡበት አንድ መጽሐፍ ነበረው፤ ሕፃኑ ቢለምን ቢማልድ ተከለከለ። መጽሐፉ በር በተዘጋ፣ ነገር ግን ፊቱ በፍርግርግ በተሠራ ቁም ሣጥን ውስጥ ይቀመጥ ነበር። ልጁ ሌሊት ሁሉ ሲተኛ ትንሽ እጁን በፍርግርጉ ውስጥ እያሾለከ፣ ለስላሳ ሽፋን የነበረውን መጽሐፍ እየጠቀለለ ያወጣና ይገለብጥ ጀመር። ሻማ ስላልነበረው በጨረቃ ብርሃን ብቻ ነው የሚጽፈው። በስድስት ወር ጨረሰው። ወንድሙ ባወቀ ጊዜ ግን ግልባጩን ያለ ርኅራኄ ወሰደበት። ይህን ታሪክ ከሞቱ በኋላ በ1754 በታተመው የሕይወት ታሪኩ ላይ ካርል ፊሊፕ ኢማኑኤልና አንድ ተማሪው ጽፈውታል፤ ከአባትየው አፍ የሰሙት መሆኑ አይቀርም። በራሱ ቤት መጽሐፉ ከቁም ሣጥን ወጥቶ በልጆች እጅ መግባቱን ሳስብ ያ ጨረቃ ትዝ ይለኛል።

እንግዲህ ወደ መጻሕፍቱ። ባኽ ዩኒቨርሲቲ አልገባም። ሲሞት ግን ወደ 80 የሚጠጉ ጥራዞች ያሉት የሥነ መለኮት ቤተ መጻሕፍት ነበረው። ከእነርሱ አንዱ በ1681 እና በ1682 በቪተንበርግ የታተመ፣ ሦስት ጥራዝ የሆነ መጽሐፍ ቅዱስ ከነማብራሪያው ነው። አዘጋጁ አብርሃም ካሎቭ የሚባል የሥነ መለኮት ሊቅ ሲሆን፣ ማብራሪያው በአብዛኛው ከማርቲን ሉተር ጽሑፎች የተሰበሰበ ነው። ባኽ ስሙንና 1733 የሚለውን ዓመት በጥራዞቹ ላይ ጽፎባቸዋል።

እንዴት እንዳነበበው የምናውቀው ከብዕሩ ነው። የማተሚያ ስሕተት አርሟል። አታሚው የዘለለውን ቃል በኅዳጉ ላይ ሞልቷል። ይህን የሚያደርግ ሰው በዓይኑ የሚሮጥ አንባቢ አይደለም። በማቴዎስ 5 ስለ ቁጣ በሚናገረው ክፍል ላይ ምልክት አድርጓል፤ ከአለቆቹ ጋር የነበረውን ጠብ ለምናውቅ ሰዎች ይህ የሚገርም አይደለም። ዳዊት መዘምራንን በየክፍላቸው በመደበበት በ1ኛ ዜና መዋዕል 25 አጠገብ፣ እግዚአብሔርን ደስ የሚያሰኝ የቤተ ክርስቲያን ሙዚቃ ሁሉ መሠረቱ ይህ ምዕራፍ ነው የሚል አሳብ ጻፈ። ደመና የእግዚአብሔርን ቤት በሞላበት በ2ኛ ዜና መዋዕል 5፥13 አጠገብ ደግሞ፣ በአምልኮ ልብ በሚቀርብ ሙዚቃ እግዚአብሔር ሁልጊዜ በጸጋው ይገኛል የሚል ማስታወሻ አኖረ። እነዚህን የጻፈው ለሕዝብ አይደለም። በቤቱ፣ በገዛ መጽሐፉ ላይ፣ ለራሱ ነው።

በሴፕቴምበር 1742 ደግሞ፣ ቀኑ ማጠር በጀመረበት ወቅት፣ በጨረታ ላይ የሉተርን የጀርመንኛ ሥራዎች በብዙ ጥራዝ ገዛ። የከፈለው 10 ታለር ነው፤ በኤርድማን ደብዳቤ ላይ በጻፈው ገቢ ብናሰላው የአምስት ቀን ገቢ መሆኑ ነው። ስለ ግዢው በእጁ የጻፈው ማስታወሻ ዛሬም አለ። ደስታው ከማስታወሻው ይነበባል፤ መጻሕፍቱ ቀድሞ የራሱ የካሎቭ ንብረት እንደ ነበሩ፣ ካሎቭም ያን ትልቁን መጽሐፍ ቅዱስ ያዘጋጀው ከእነዚሁ ጥራዞች ሳይሆን እንዳልቀረ ጽፏል። አስቡት፤ ማብራሪያውን ዘጠኝ ዓመት ሲያነብ የኖረ ሰው፣ አሁን ጸሓፊው ራሱ ያነበባቸውን መጻሕፍት በእጁ አስገባ። መጽሐፍ የሚወድ ሰው ይህ ስሜት ይገባዋል።

ሻጭም ነበር ብያለሁ። በ1739፣ በዚያው በመኸር ገበያ ወቅት፣ «የኪቦርድ ልምምድ» ብሎ ከሰየማቸው ሥራዎቹ ሦስተኛውን ክፍል አሳተመ። ይህን ሥራ ለመረዳት አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። ሉተር በ1529 ያወጣው ትንሹ ካቴኪዝም በመጀመሪያ የተጻፈው ለቤት ነው፤ አባወራው ለቤተሰቡ በቀላል አነጋገር እንዲያስተምርበት። ዐሠርቱ ትእዛዛት፣ የእምነት መግለጫ፣ የጌታ ጸሎት፣ ጥምቀት፣ ኑዛዜ፣ የጌታ እራት። ለእያንዳንዱ ሉተራውያን የሚዘምሩት መዝሙር ነበራቸው። ባኽ የእነዚህን መዝሙሮች ዜማ ወስዶ ለእያንዳንዱ ሁለት ሁለት ቅንብር ጻፈ፤ አንድ ትልቅ፣ በእግር የሚረገጥ ፔዳል ላለው የቤተ ክርስቲያን ኦርጋን፤ አንድ ትንሽ፣ በእጅ ብቻ የሚጫወቱት፣ ቤት ባለ መሣሪያም ሊሞከር የሚችል። በሽፋኑም ላይ ሥራው ለሙዚቃ ወዳጆች፣ ይልቁንም ለሚያውቁት፣ መንፈሳቸውን ለማደስ የተዘጋጀ መሆኑን ገለጸ። ቃል የለበትም። ዜማውን የሰማ የዚያ ዘመን ልጅ ግን ቃሉን ከቤቱ ያውቀዋል።

እዚህ ላይ ጋሼ የጠየቁኝን ጥያቄ በሐቀኝነት ልያዘው። ጥያቄው አዲስ አይደለም። በባኽ ዘመን በሉተራውያን መካከል ፒየቲስት የሚባሉ፣ የልብ መለወጥን የሚሰብኩ አማኞች ነበሩ። ጭፈራንና ቴአትርን ነቅፈዋል፤ በቤተ ክርስቲያን የተወሳሰበ ሙዚቃ እንዳይበዛ፣ ምእመኑ የሚዘምረው ቀላል መዝሙር እንዲቀድም የፈለጉ ነበሩ። እነርሱን ማቃለል አልፈልግም። የኛም አባቶችና እናቶች «ይህ ዘፈን ነው፣ ያ መዝሙር ነው» ብለው የለዩት በሚያውቁት ሕይወት ምክንያት ነው፤ ከመሸታ ቤት የወጣ ሰው የመሸታ ቤቱን ዜማ መስማት የማይፈልግበት ምክንያት አለው። የእኛን ጥያቄ በባኽ አፍ ውስጥ ማስገባትም ተገቢ አይደለም፤ እርሱ በእኛ መንደር አልኖረም። የምችለው ቤቱ ምን ይመስል እንደ ነበር መናገር ነው። በዚያ ቤት ሁለት ደብተር፣ አንድ ለእግዚአብሔር አንድ ለቀረው፣ አልነበረም። በዋናው የቤተሰብ መጽሐፍ ላይ «ይህ የሙዚቃ መሠረት ነው» ብሎ የጻፈው እጅና በሚስቱ ደብተር መጀመሪያ ላይ ቃል የሌላቸውን ሥራዎች የገለበጠው እጅ አንድ ነው። እኔ በበኩሌ ሚኑዌቱን የፈራነው ስላላወቅነው ይመስለኛል። የሚፈራ ዜማ የለም ማለቴ ግን አይደለም።

አና ማግዳሌና የገለበጠችው የራሷን ደብተር ብቻ እንዳይመስላችሁ። ዛሬ በመላው ዓለም የሚደመጡት ስድስቱ የቼሎ ሥራዎች ባኽ ራሱ የጻፈው ቅጂ ጠፍቷል፤ የእርሷ ግልባጭ ዋነኛው ምንጭ ሆኖ ቀርቷል። ያን ሁሉ ኖታ ሕፃናት እያሳደገች፣ ሕፃናት እየቀበረች ጽፋዋለች። ስማርት ስልካችሁ ላይ ቼሎውን ስትከፍቱ የምትሰሙት በእርሷ ብዕር በኩል ያለፈውን ነው።

ባኽ በ1750 ዓይኑን ሁለት ጊዜ ቀዶ ጥገና ተደርጎለት አልዳነም፤ ጁላይ 28 ቀን ሞተ። በዚያ ዓመት ቅጠል ሲረግፍ ንብረቱ ተመዝግቦ ለወራሾች ተከፋፈለ። መዝገቡ ዛሬም ስላለ ወደ ቤቱ የመጨረሻ ጊዜ መግባት እንችላለን። አንድ ትልቅ ሀርፕሲኮርድ 80 ታለር ተገምቶ፣ በተቻለ መጠን ከቤተሰቡ እንዳይወጣ የሚል ቃል ተጽፎበታል። ሌሎች ኪቦርዶች አሉ፤ ቫዮሊኖች፣ ቪዮላዎች፣ ቼሎዎች፣ አንድ ሉት አለ። የብር የቡና ማንቆርቆሪያ አለ። ከዚያ መጻሕፍቱ ይመጣሉ፤ የካሎቭ ሦስት ጥራዞች፣ የሉተር ጥራዞች፣ ስብከቶች፣ የጸሎት መጻሕፍት፣ እያንዳንዳቸው ከነዋጋቸው። ኖታዎቹ ግን በዝርዝሩ ውስጥ የሉም። የአና ማግዳሌና ደብተር ዋጋ አልወጣለትም።

እርሷ ከባሏ በኋላ ወደ አሥር ዓመት ያህል ኖረች። ከቅዱስ ቶማስ ሕንፃ ለቀቀች፤ ልጆቹ ወደየሥራቸው ተበተኑ፤ እርሷ ሳያገቡ ከቀሩት ሴቶች ልጆች ጋር ላይፕዚግ ቀረች። በፌብሩዋሪ 1760 ስትሞት በከተማዋ ምጽዋት የምትረዳ ሴት ተብላ ተመዘገበች። ይህን ሳነብ ሁልጊዜ ይከብደኛል። ከዚያ ቤት ያን ሁሉ የወሰደች ከተማ ለእርሷ የነበራት ይህ ነበር።

ካሎቭ መጽሐፍ ቅዱስ ከዓይን ጠፍቶ ሰነበተ። በ1934 በአሜሪካ፣ በሚሺጋን ግዛት ፍራንከንሙት በምትባል ትንሽ የጀርመን ሰፋሪዎች ከተማ፣ በአንድ ቤተሰብ ቤት እንግዳ የሆነ ፓስተር አንዱን ጥራዝ ሲገልጥ የባኽን ፊርማ አየ። ዛሬ ሦስቱም ጥራዞች በሴንት ሉዊስ በአንድ የሉተራውያን የሥነ መለኮት ትምህርት ቤት ይገኛሉ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ በካሊፎርኒያ በሳይንሳዊ መሣሪያ ቀለማቸው ተመርምሮ፣ በኅዳጉ ላይ ያሉት ምልክቶችም ከባኽ ብዕር የወጡ መሆናቸውን አመለከተ። ደብተሩ ደግሞ በርሊን በመንግሥት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ተቀምጧል።

ይህን ጽሑፍ ሳልጨርስ ጋሼን እሑድ ከአምልኮ በኋላ አገኘኋቸውና ቁጭ ብለን ሁሉንም ነገርኳቸው። ስለ ሰባቱ ሕፃናት ስነግራቸው ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። ስለ ፒፓው ዘፈን ስነግራቸው ከት ብለው ሳቁ። ስለ ሚኑዌቱ ምንም አላሉም፤ «ልጅቷስ ቀጠለች?» ብለው ብቻ ጠየቁኝ። ቀጥላለች። አሁን የያዘችው በአና ማግዳሌና ደብተር ውስጥ የመጀመሪያውን ተከትሎ የተጻፈውን፣ ሐዘን ያለበትን ሚኑዌት ነው። እሱም የፔትሶልት ነው። ግራ እጇ ገና አልፈታላትም።